በር የተሸከሙት ጋሽ ወልደሰማያት

አንድ ከተማ ቤተ ክርስቲያኑ ቢቆም፣ ገበያው ቢተከል፣ ጠላ ቤቱ ቢከፈት፣ አንድ ሰው ካልተጨመረበት ገና ከተማ አልሆነም። እሱም የሰው ጓዝ ሲጋዝ ሳይጠሩት መጥቶ የሚያዝ ሰው ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ቤት ልትለቁ ማሰባችሁን ለቤተሰባችሁ እንኳ ሳትነግሩ፣ እሱ ደጃችሁ ቆሞ የቁም ሳጥናችሁን ወርድ በክንዱ እየለካ ታገኙታላችሁ። ገመድ አያመጣም፤ ስለ ገመድ ግን ያስተምራል። የራሱን ትከሻ ዕቃ አያስነካም፤ የሌላው ሰው ትከሻ የት ጋ መግባት እንዳለበት ግን ከባለትከሻው አብልጦ ያውቃል። ዕቃው በሰላም ከገባ እሱ ስላዘዘ ነው፤ ከተሰበረ ሰው ስላልሰማው ነው።

የእኛ የጂንካው ጋሽ ወልደሰማያት ይባላሉ። አብዮቱ ፊታውራሪና ቀኛዝማች ማለትን ስላስቀረ፣ ያለ ማዕረግ መኖር የማይሆንልን የበረንዳ ወሬኞች "ጓድ ጓዝ" አልናቸው። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከእጄ ከወጣው ሥራ ሁሉ ሳይተረተር የቆየው እሱ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝና። መኪናዬ ኸዲጃ ሱቅ በረንዳ ላይ ናት፤ እግሬ ይረግጣል፣ ጆሮዬ ወሬ ይለቅማል። ፊደል የቆጠርኩት ከስኳር ከረጢት ላይ ነው፤ የቀረውን ትምህርት ያገኘሁት ልብስ ሊያስጠብብ ከሚመጣ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ልብሱ ሰፍቶት የሚመጣ እንጂ ጠብቦት የሚመጣ አልነበረም።

ጋሽ ወልደሰማያት በወጣትነታቸው ከደጋ አገር "ለአንድ ክረምት" ብለው መጥተው፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነው የቀሩ ሰው ናቸው። አጭር ናቸው፤ ካፖርታቸው ግን ለረጅም ሰው የተሰፋ ነው። በጂንካ ሙቀት ካፖርት ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። የካፖርቱ ሥራ የውስጥ ኪሱ ነው፤ የውስጥ ኪሱ ሥራ ደግሞ የፋኖስ ብርጭቆ መያዝ ነው። ወይጦ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሲዘጋ አንድ የፋኖስ ብርጭቆ ከየትም አይገኝም፤ ብርጭቆው የተሰበረበት ቤት በኩራዝ ጭስ ይከርማል። ስለዚህ ጋሽ ወልደሰማያት የሚለቀቀው ቤት እንደገቡ መጀመሪያ የፋኖሱን ብርጭቆ ያወጣሉ፣ በባለቤቲቱ ነጠላ ይጠቀልላሉ፣ ኪሳቸው ይከታሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ጫፍ ያዙልን የሚላቸው ሰው ቢኖር መልሳቸው የታወቀ ነው። "ብርጭቆ ይዣለሁ።" ቀኑን ሙሉ አንድ ብርጭቆ ተሸክሞ እንደ ጫኝ ላቡን የሚጠርግ ሰው ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።

የሚሸከመው ኤርጎ ነበር። ኤርጎ የአሪ ሰው ነው፤ ከከተማው በላይ ዳገቱ ላይ እንሰትና ቡና አለው፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር ይመራል፣ በሥራ ቀን ደግሞ የሰው ቁም ሳጥን በጀርባው ይዞ መዝሙሩን ካቆመበት ይቀጥላል። ጋሽ ወልደሰማያት ከፊቱ ሆነው፣ ኪሳቸውን በአንድ እጅ ደግፈው፣ የኋሊት እየተራመዱ ያዙታል።

"ኤርጎ፣ ወደ ግራ።"

"ጋሼ፣ ግራው ግድግዳ ነው።"

"ቢሆንም፣ ትንሽ ወደ ግራ።"

እኔ ራሴ ቤት ስቀይር ንብረቴ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ሰሌንና አንድ ድስት ነበር። ከሦስቱ የትኛው ይቅደም የሚለውን ለመወሰን ጋሽ ወልደሰማያት አንድ ጠዋት ፈጁ። ድስቱ ቀደመ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብጠይቃቸው "ጓዝ ሥርዓት አለው" ነው ያሉኝ።

ከሥርዓቱ ሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው፤ አልጋ መጨረሻ ይጫናል፣ መጨረሻ የተጫነ መጀመሪያ ይወርዳል። ለምን ሲባሉ ንስሐ እንደሚሰጥ ቄስ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ምግብም አያምረው፣ ውሃም አያምረው፤ የሚያምረው ማልቀስ ነው። ቆሞ ከማልቀስ ደግሞ ተቀምጦ ማልቀስ ይሻላል።

ስቀን ነበር፤ መምህር ፈለቀ ወደ ዲመካ እስኪዛወር ድረስ። ያን ቀን ጋሽ ወልደሰማያት ከፊት ከሹፌሩ ጎን፣ እኔና ኤርጎ ከዕቃው ላይ ነበርን። ከቀይ አፈር ከተማ አልፈን አልዱባ ሳንደርስ፣ አሸዋማ ወንዝ ውስጥ መኪናው ተቀረቀረ። ሹፌሩ ጭነቱ ይቅለል አለ። መጀመሪያ የወረደው ያው አልጋው ነው፤ አሸዋው መሀል ተዘረጋ። የመምህሩ ሚስት ኤልሳቤጥ ከጋቢናው ወረደች። ሄዳ ተቀመጠችበትና አለቀሰች። ከብት ሊያጠጡ የመጡ የበና ሰዎች ከበው ቆሙ፤ አንደኛው ሐዘኗን ላለመንካት ከጎኗ በኩል ዞሮ ፍራሹን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አየ። ጋሽ ወልደሰማያት ብርጭቆአቸውን ደግፈው ወደ እኔ ዞሩ።

"አላልኩህም?" አሉ፤ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።

ከዚያ ደግሞ የኸዲጃ ድመት ነገር አለ። ኸዲጃ ሱቋን ከመንገዱ ወዲህ ማዶ ወደ ወዲያ ማዶ አዛወረች፤ ያዛወረችው እሷ ብትሆንም ዘመቻው የጋሽ ወልደሰማያት ነበር። ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ጨርቁ ከተሻገረ በኋላ ድመቷ ቀረች። ድመት የመጣችበትን መንገድ ካወቀች ትመለሳለች ብለው ከረጢት ውስጥ አስገቧት፤ ኤርጎን የአይሮፕላን ሜዳውን ዙሪያ አስዞሩት፣ ከዚያ አዲሱ ሱቅ ውስጥ አስለቀቋት። በማግስቱ ድመቷ ከመንገዱ ማዶ፣ የተዘጋው አሮጌ በር ሥር ቁጭ ብላ እስኪከፈትላት ትጠብቃለች። ጋሽ ወልደሰማያት ለረጅም ጊዜ አዩዋት። "ድመት ሰው አይደለም የምታውቀው" አሉ በመጨረሻ። "በር ነው የምታውቀው።" ኸዲጃ ታዲያ ያንን ሁሉ ምን አስዞራት ብትላቸው፣ ሥርዓት ነው ብለዋት ሄዱ።

እንዲህ እያልን ስንስቅ ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና መጠራት ጀመሩ።

ጋሽ ወልደሰማያትና ባለቤታቸው እትዬ ውባንቺ አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ወርቅነህ። ቁመቱን ከማን እንዳመጣው ከተማው ብዙ አውርቶበታል፤ እኔም ድርሻዬን አውርቻለሁ። በየሰው ቤት ግንባሩን እየገጨ ነው ያደገው። አባቱ፣ ልጄ በሰው ቤት ይጎንበስ እንጂ በራሱ ቤት አይጎነብስም ብለው፣ የተከራዩት የቀበሌ ቤት መሆኑን ረስተው፣ ጉበኑን አስነሥተው ረጅም በር አሠሩ። ወርቅነህ ደግሞ ከጤና ጣቢያው እድሳት የተረፈ ቀለም ለምኖ ቀባው። ቀለሙ አነሰና ውስጡ እንዳለ ቀረ። ቢሆንም በዋናው መንገድ ላይ ቀለም የነካው በር እሱ ብቻ ስለነበር፣ ሰው መንገድ ሲጠቁም "ከበሩ ወዲህ፣ ከበሩ ወዲያ" ነበር የሚለው።

ልጆቹ መኪና ላይ የተጫኑት ከአይሮፕላን ሜዳው ጫፍ ነው። እናቶች ይጮኻሉ፣ ካድሬው ስም ይጠራል፣ ልጆቹ እንደ ጆንያ እየተገፉ ይወጣሉ። ጋሽ ወልደሰማያት ቆመው ማየት አልቻሉም። አመል ነው። ወደ መኪናው ጠጋ ብለው ረጃጅሞቹ ወደ ፊት፣ ብርድ ልብስ ያለው ከሌለው ጎን፣ ማለት ጀመሩ። ካድሬው ሊያባርራቸው ነበር፤ ሥራው ሲቃናለት ጊዜ ተዋቸው። የራሳቸውን ልጅ ግን እጁን ይዘው አቆዩት። ሁሉም ወጥቶ ካለቀ በኋላ ከጭራው፣ ከመዝጊያው አጠገብ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ እትዬ ውባንቺ ተመለሱና "መጨረሻ የተጫነ መጀመሪያ ይወርዳል" አሏቸው። ወርቅነህ ሰምቶ ሳቀ። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ያችን ቃል ከአፋቸው የሰማ የለም። አልጋ ሲጫን አሁንም መጨረሻ ነው፤ ግን በእጃቸው ያሳያሉ እንጂ አይናገሩም። መጀመሪያ ሰሞን ልጁ ሰሜን ደህና እንዳለ በሰው በሰው ይሰማ ነበር። በኋላ ወሬውም ቀረ።

ቀጥሎ የቤቱ ነገር መጣ። ቀበሌው ለኅብረት ሱቅ የሚሆን መንገድ ዳር ያለ ቤት ፈለገ፤ መንገድ ዳር ያለው ደግሞ የእነ ጋሽ ወልደሰማያት ነው። በስብሰባው ሊቀ መንበሩ ጓድ መኮንን ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም የተናገረው፤ መመሪያ ከኪሱ እንደሚያወጣ ሰው ነበር። ለሁለት ሰው ሁለት ክፍል ይበዛል፣ ከአይሮፕላን ሜዳው ወዲያ ነሪ ወንዝ አጠገብ አንድ ክፍል ቤት ተዘጋጅቷል አለ። ለቃለ ጉባኤው ያህል፣ ስንት ናችሁ ብሎ ጠየቀ።

የጋሽ ወልደሰማያት አፍ ተከፈተ። እትዬ ውባንቺ ቀደሟቸው።

"ሦስት።"

"ወርቅነህ ግዳጅ ላይ ነው እናቴ። ግዳጅ ላይ ያለ ከቤት አይቆጠርም።"

"ታዲያ የት ነው የሚቆጠረው?"

ጓድ መኮንን ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

ካፖርታቸውን ጠግኜ ላደርስ ስሄድ ባልና ሚስት በሩ ሥር ቆመው ደረስኩ። የሰው ጠብ ላይ ስደርስ መመለስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ተመልሼ ግን አላውቅም። እትዬ ውባንቺ አልሄድም ብለዋል።

"አንተ አይደለህም ድመት የምታውቀው በር ነው ያልከው? የኔም ልጅ የሚያውቀው ይህንን ነው። መጥቶ ሲያንኳኳ ሌላ ሰው ከፍቶ የሉም ቢለው፣ ሞተዋል ብሎ ይመለሳል።"

"እኔ ስለ ድመት ነው የተናገርኩት" አሉ ጋሽ ወልደሰማያት።

"እሱስ እውነት ነው። ድመቷማ ተመልሳለች።"

ካፖርቱን ሰጥቼ ወጣሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንም ሳላወራው ያደረ ወሬ ያ ነው።

ጋሽ ወልደሰማያት ከዚያ በኋላ ታመሙ ለማለት እንኳ የማይመች ሁኔታ ያዛቸው። ከተማው ውስጥ ሰው ቤት ሲቀይር አልመጡም። አንዷ ባለቤት ብርጭቆዋን ራሷ ይዛ ሄደች፤ ተሰበረባት። ሰው እሳቸው ካልመጡ ምን ሆነው ነው እያለ መጠየቅ ጀመረ። የእሳቸውን ጓዝ ማን እንደሚያዝ ግን የጠየቀ የለም። ማን ይደፍራል? ጓድ መኮንን የሰጠው ቀን እየቀረበ ነው፤ እትዬ ውባንቺ አንድ ድስት እንኳ ከቦታው አላነሱም፤ ያን ያህል የሰው ቤት ያጋዙት ሰው በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ።

አንድ ቀን ከዚያው እንደተቀመጡ፣ ጂንካ ውስጥ አንድን ነገር ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ምን ይደረጋል ብለው ጠየቁኝ። ለእኔ በምስጢር ይነገረኛል አልኳቸው። አልሳቁም።

"ያ ለከተማው ነው" አሉ። "ለአገሩስ? ልጁ በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ አናውቅም። በወይጦ ይምጣ፣ በሌላ በኩል ይምጣ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን እንደሆነ አናውቅም። ያ የሚያገኘው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የት እንደገባን ማወቅ አለበት።"

እንዴት እንደሚሆን ሲነግሩኝ መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

መጀመሪያ ጓድ መኮንን ጋ ሄደን በሩን ነቅለን እንውሰድ አልነው። በሩ የመንግሥት ንብረት ነው አለ። ጋሽ ወልደሰማያት ዕድሜያቸውን የመንግሥት ንብረት ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በእርጋታ አስረዱት። ወዲያኛውም ቤት የቀበሌ ነው፣ ወዲህኛውም የቀበሌ ነው፤ የወዲያኛው በር ወዲህ መጥቶ የወዲህኛው ወዲያ ቢሄድ፣ ሠራተኛ ተዛወረ እንጂ ንብረት ጎደለ አይባልም። ጓድ መኮንን ብዙ አሰበ። ቤቱን ያለ ለቅሶ ማግኘቱን ወደደው መሰለኝ፤ እሺ አለ።

እትዬ ውባንቺ ሲነገራቸው ባላቸውን ትክ ብለው አዩና፣ ማን ይሸከመዋል አሉ።

"እኔ" አሉ ጋሽ ወልደሰማያት።

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ጓዙን እኔና ኤርጎ በአቋራጭ ሜዳውን አሻግረን አድርሰን ተመለስን። የወርቅነህ አልጋ መጨረሻ ወጣ፤ ማንም አላዘዘንም። ከዚያ ጋሽ ወልደሰማያት ካፖርታቸውን አውልቀው እኔን አለበሱኝ። ኪሱ ውስጥ የራሳቸው ፋኖስ ብርጭቆ ነበር። በሩን ከማጠፊያው ነቀሉ፣ በጠፍር አሰሩት፣ ጎንበስ ብለው ከጀርባቸው አደረጉት። በሩ ከእሳቸው ይረዝማል፤ ከኋላ ሲታይ በር ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። ኤርጎ ልቀበልዎት አላቸው።

"አንተ ዛሬ ግራ ቀኝ በለኝ፤ አይታየኝም።"

እና በአቋራጩ አልሄዱም። ወደ ገበያው ዞሩ።

ገበያውን በሙሉ አዞሩት። እንሰትና ጎደሬ ከዘረጉት የአሪ ሴቶች መሀል፣ ከማር ተራ፣ ከፍየል ተራ፣ ከነጋዴው ጨርቅ ፊት። ኤርጎ "ጋሼ፣ ወደ ግራ፤ ጋሼ፣ ድንጋይ አለ" እያለ ከፊት ይመራል፤ እኔ በረጅም ካፖርት ተውጬ ብርጭቆ ደግፌ ከኋላ እከተላለሁ። ሰው ጠየቀ፤ ሰው እንዳይጠይቅ የሚያደርግ ነገር አልነበረምና። ጋሽ ወልደሰማያት ለጠየቀ ሁሉ ቆመው፣ ላባቸው ዓይናቸው እየገባ፣ አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ። የወርቅነህ በር ነው፤ ከአይሮፕላን ሜዳው ወዲያ፣ ነሪ ወንዝ አጠገብ ወዳለችው ቤት ሄዷል፤ ልጁ ሲመጣ ንገሩት። ኤርጎ በአሪኛ ይደግመዋል። አንድ የበና ሽማግሌ በአስተርጓሚ፣ ይህ ሰው በሩን ሰርቆ ነው ወይስ ተሰርቆበት ነው ብሎ ጠየቀ። ነጋዴዎቹ መስኮቱስ አሉ። ከዲመካ ፍየል ይዞ የመጣ ጎረምሳ እየሳቀ ከኋላችን ረጅም መንገድ ተከተለን። የገበያው ሳቅ ሳይቋረጥ ከአንዱ ተራ ወደ ሌላው ቀድሞን ይደርስ ነበር። እሳቸው የፈለጉት ይህንኑ ነው። ያለቀሱለትን ነገር ሰው ቤቱ ሲገባ ይተወዋል፤ የሳቁበትን ግን አልዱባ ያደርሰዋል።

አዲሱ ቤት ስንደርስ በሩን ከጀርባቸው አውርደው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። እትዬ ውባንቺ የልጃቸው አልጋ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። አላለቀሱም።

በሩ አልገባም። መቃኑ አጭር ነው። ኤርጎ ከላይ ትንሽ ይቆረጥ አለ። ጋሽ ወልደሰማያት አይቆረጥም አሉ፣ ቁመቱ የልጁ ነው። ጉበኑን ለማንሳት ደግሞ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ወደ ታች ቆፈሩ። ደፉ ተቆፍሮ በሩ ቁልቁል ወረደና ገባ፤ ሙሉ ቁመቱን ይዞ። ያን ያህል ቤት ያጋዙት ሰው የዘነጉት ነገር ቢኖር ሰማዩን ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ውሃው ተዘጋጅቶ እንደተጠራ እንግዳ በቀጥታ ገባ። እስከ ዛሬም ይገባል። እትዬ ውባንቺ በጣሳ እየቀዱ ያወጡታል፤ አንድ ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። የኅብረት ሱቁ በበኩሉ አጭሩን በር ስላገኘ ከላይ ክፍት ቀረ። የኸዲጃ ድመት በዚያ በኩል ትገባለች። ከውስጥ የሚሰረቅ ነገር ስላልነበረ ማንም አልተጨነቀ።

ከተማው ስማቸውን ለወጠ፤ "ባለበሩ" ሆኑ። የእኔ ስም ተረታ። ወርቅነህ ግን በዚያ ዓመት አልመጣም፣ በሚቀጥለውም አልመጣም።

በሰማንያ ሦስት መንግሥት ወደቀና ሠራዊቱ ተበተነ። በየመኪናው፣ በየእግሩ፣ አቧራ የለበሱ ልጆች መግባት ጀመሩ። ጋሽ ወልደሰማያት መኪና በመጣ ቁጥር ከጭራው ሄደው ይቆማሉ። ሌላው ሰው ፊት ለፊት ያያል፤ እሳቸው መዝጊያው ሲከፈት ማን መጀመሪያ እንደሚወርድ ነው የሚያዩት። ይወርዳል፣ ያዩታል፣ የሌላ ሰው ልጅ ነው፣ እንኳን ደህና መጣህ ይሉታል። ቀጥሎ የሚወርዱትን ሳያዩ ይመለሳሉ።

በዚያ ሰሞን ንጉሤ የሚባል የአልዱባ ነጋዴ ልጅ፣ ከሰሜን በእግሩም በመኪናም መጥቶ፣ ወደ ቤተሰቡ ከመግባቱ በፊት ሱሪውን ላስጠብብ ብሎ በረንዳዬ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ነበር የሚጠበበው። ጋሽ ወልደሰማያት ከመኪና ጭራ ተመልሰው በፊታችን ሲያልፉ ኸዲጃ ከውስጥ ሆና "ባለበሩ ዛሬም ባዶ እጃቸውን ናቸው" አለች። ልጁ ቀና አለ።

"በር የተሸከመው ሰውዬ እሳቸው ናቸው?"

በየት ታውቃቸዋለህ አልኩት።

"ምሽግ ውስጥ ሰምቼ ነው። ከዲመካ በኋለኛው ዙር የታፈሰ ልጅ ነው ያወራልን። በገበያ መሀል አይቻቸው ነበር፣ ተከትያቸው ነበር እያለ። ምሽጉ ሁሉ በሳቅ ሞተ። አንድ ልጅ ብቻ አልሳቀም። በሩ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው ብሎ ጠየቀ።"

መኪናዬን አቆምኩ። ያ የዲመካ ልጅ ምን አለው አልኩት።

"አላስታወሰውም። ረጅም በር ነው፣ ሰውዬው አጭር ነው፣ ይህን ብቻ ነው የሚለው።"

ጠያቂው ረጅም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሁላችንም ተኝተን ነበር የምናወራው፣ ጨለማ ነው፣ አለኝ። ስሙን አያውቅም። ጠያቂውና ጓደኞቹ ከሌላ ጦር ለሥራ የመጡ ነበሩ፤ ንጋት ላይ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያ ቦታ ምን እንደሆነ ንጉሤ አልነገረኝም፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አልቆሰቆስኩም።

ሱሪውን በግማሽ ትቼ፣ ልጁን በእኔ ሱሪ ወሰድኩት። ለባልና ሚስቱ እንደነገረኝ ነገራቸው፤ ከዚህ ሳይጨምር፣ ከዚህ ሳይቀንስ። እትዬ ውባንቺ ተነሥተው ጨርቅ አራሱና በሩን ከውጭ በኩል መወልወል ጀመሩ፤ ከላይ ጀምረው፣ ቀስ ብለው፣ የማይደርሱበት ሲሆን በርጩማ ላይ ቆመው። ጋሽ ወልደሰማያት ግድግዳውን ተደግፈው ሲያዩዋቸው ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እንደዚያ ፊታቸው ገርጥቶ አይቻቸው አላውቅም።

"ቀለሙን አልነገርናቸውም" አሉ። "ስሙን ነገርን፣ ወንዙን ነገርን፣ ሜዳውን ነገርን። ቀለሙን አልነገርንም።"

ሰው ያየውን ነገር ማን ይነግረዋል? ገበያው ሁሉ እያየው ነበር። በኤርጎ አሪኛም አልነበረም፣ በእኔ ወሬም አልነበረም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ታሪኩን ለስንት ሰው ደገምኩት፣ እያሳመርኩ፣ እየጨመርኩ፣ በሩን እያስረዘምኩ፣ እሳቸውን እያሳጠርኩ። ያችን አንዲት ቃል ግን አልጨመርኩም። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ፣ ወደ ላይ ተመልሳችሁ ብታዩ፣ የለችም።

እንግዲህ ስም ሳወጣባቸው የኖርኩት ሰው ናቸውና ያጎደልነውን እኔ ልሙላ። ይህን የምታነቡ፣ መንገደኛ ብትሆኑ፣ ሹፌር ብትሆኑ፣ የትም አገር ሱቅ ብትከፍቱ፣ ወርቅነህ የሚባል ረጅም ልጅ ስለ በር ቢጠይቃችሁ እንዲህ በሉት። አረንጓዴ ነው። ከታች በኩል ቀለሙ ወርዶ የደረቀበት እንዳለ አለ፤ ውስጡን ማንም አልቀባውም። ከአይሮፕላን ሜዳው ወዲያ፣ ነሪ ወንዝ አጠገብ ነው። አልጋው ተነጥፏል። ሲገባ ደፉ ዝቅ ስለሚል እግሩን ይጠንቀቅ፤ ክረምት ከሆነም ይረጥባል። ጎንበስ ማለት ግን የለበትም።